ኢሜይላችሁ አይፈለጌ መልእክት ተብሎ እንዳይመለስ

ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሸጥ ድርጅት በራሱ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ በሚመጣው ስም) የላከው ፕሮፎርማ ደንበኛው ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቀር፣ የዶሜይኑ መረጃ በሚመዘገብበት በዲኤንኤስ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉ ሦስት መዝገቦችን ማስገባት ይኖርበታል። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ለአንድ ዶሜይን ከአንድ በላይ የኤስፒኤፍ መዝገብ ስለማይፈቀድ፣ ደብዳቤውን በጎግል፣ ደረሰኙን ደግሞ በሌላ አገልግሎት የሚልክ ድርጅት ሁለቱንም በአንዱ መስመር ያጣምር እንጂ ሁለተኛ መዝገብ አይጨምር፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ በመሆኑ ደጋግሞ ማየት ይገባል። መልእክቱ ከዶሜይኑ መላኩን በዲጂታል ፊርማ ለሚያረጋግጠው ለዲኪም፣ አገልግሎት ሰጪው ያመነጨውን፣ ፊርማው የሚፈተሽበትን ይፋዊ ቁልፍ (public key) ዲኤንኤስ ላይ አስገብቶ ፊርማውን ማስጀመር በቂ ነው። ፍተሻውን ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ሰርቨር የሚናገረውን ዲማርክን ግን ምንም ሳያግድ ሪፖርት ብቻ በሚያስገኘው የክትትል ደረጃ ጀምሮ፣ ሪፖርቶቹ ትክክለኛ መልእክቶች ሁሉ ማለፋቸውን ካሳዩ በኋላ ብቻ ወደ እገዳ ማሳደግ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ወደ ጂሜይል የሙከራ መልእክት ልኮ፣ የመልእክቱን ዋና ቅጂ (Show original) በመክፈት ሦስቱም ማለፋቸውን ማረጋገጥ ይቻላል።