የያሪስን ቺንጋ ራሳችሁ ቀይሩት

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የማወራው ከሞተሩ ውጪ፣ በጎን በኩል ስለሚዞረው የቶዮታ ያሪስ ጥቁር ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ ነው። ዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላውን)፣ የውሃ ፓምፑንና የኤሲውን ኮምፕረሰር የሚያዞረው እሱ ነው። የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንጉ ቺንጋ ሌላ ነው። ከዱባይ የገቡት የ2007 እና የ2008 ሞዴል ያሪሶች ደግሞ፣ ሞተራቸው 1.3 ሊትርም ይሁን 1.5፣ የታይሚንግ ቺንጋ ጭራሽ የላቸውም። ውስጣቸው ያለው ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው። ስለዚህ «የታይሚንግ ቺንጋዋ ካልተቀየረ» ብሎ ዋጋ የሚጠራላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ መኪናዋን አያውቃትም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው።

መሪዋም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ለመሪ የሚሆን ሁለተኛ ቺንጋ የለም። አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ቡሎን፣ አለቀ። ለዚህ ጋራዥ ሄዶ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቅ አያስፈልግም።

ግን ቀላል ነው ማለት የሚናቅ ነው ማለት አይደለም። ቺንጋው መንገድ ላይ ሲበጠስ መጀመሪያ የሚበራው የባትሪ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ «ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። የውሃ ፓምፑም አብሮ እንደቆመ አያስበውም። ውሃው መዞር ሲያቆም ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ከዚያ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ የቺንጋ ወጪ የሞተር ወጪ ይሆናል። ብዙዎቹ ያሪሶች የሙቀት ጌጅ የላቸውም፣ ያለው ቀይ መብራት ብቻ ነው፤ እሱ እስኪበራ መጠበቅ ደግሞ አይመከርም። የአባይ በረሃን ዳገት እየወጣችሁ የባትሪው መብራት ቦግ ካለ ጥግ ይዛችሁ አጥፉ። መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱና ቺንጋው መኖሩን እዩ።

እስከዚያ ላለመድረስ ቺንጋውን መስማት ነው። ጠዋት ሲነሳ፣ ኤሲ ሲከፈት ወይም ክረምት ላይ ኩሬ ረግጣችሁ ስታልፉ ሲጢጥ ካለ ይንሸራተታል ማለት ነው። አንዲት ጥሩ ዘዴ አለች። ሞተሩ እየሠራ፣ በሚረጭ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ በጥርሱ፣ ማለትም በርዝመቱ መስመር መስመር ባለው ገጹ በኩል ረጨት አድርጉበት። ድምፁ ከባሰ ላልቷል ወይም አልቋል። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ ግን ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ እና አዲስ ቺንጋ ብትገዙም ይጮኻል። ሲጢጥታ ሳይሆን የሚያጉረመርም ድምፅ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው፤ የዲናሞ ወይም የፓምፕ። ይህን ስትሞክሩ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር ሁሉ ከአካባቢው ይራቅ። ቀልድ የለውም።

በዓይን ማየትም አለ። የድሮ ቺንጋ ሲያረጅ ይሰነጣጠቅ ስለነበር ሰው እስካሁን ስንጥቅ ብቻ ይፈልጋል። አሁን የሚሠሩት ግን ጎማቸው ሌላ ስለሆነ ብዙም ሳይሰነጠቁ ነው የሚያልቁት፤ ጥርሱ ውስጥ ውስጡን ይበላል፣ ቺንጋው ወደ ፑሌጃው ጎድጓዳ ጠልቆ ይገባል፣ ከውጪ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ገልብጣችሁ የጥርሱን ጥልቀት ከአዲስ ጋር አስተያዩ። ጠርዙ የተበላ፣ ክሩ የወጣ፣ ዘይት የጠጣ ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ አትከራከሩ፣ ቀይሩት። ጥሩ ቺንጋ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ያገለገለ መኪና ላይ የሚነበበውን ኪሎ ሜትር ግን ምን ያህል እንደምታምኑት እናንተ ታውቃላችሁ።

ቺንጋ የሚገድሉ ሁለት ልማዶች አሉብን። አንዱ ሞተርን በናፍጣ ማሳጠብ ነው። ሞተሩ ያብለጨልጫል፣ ጎማው ግን ናፍጣውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሁለተኛው ሲጮኽ ሳሙና ወይም የሚረጭ ቅባት መቀባት። ድምፁን ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ከበፊቱ ይብሳል።

ወደ ግዢው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ ወይም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሱ። ለምሳሌ 5ፒኬ1100 የሚል ከሆነ አምስት ጥርስ፣ ርዝመቱ 1100 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የጥርሱ ቁጥር በትክክል አንድ መሆን አለበት። አሮጌው በአገልግሎት ትንሽ ስለሚለጠጥ በመጠኑ ረዘም ብሎ ቢታይ አትደንግጡ። ቁጥሩ የጠፋ ወይም ሲታሽ ቀለሙ የሚለቅ ቺንጋ ርካሽ ቢሆንም አልገዛም።

አሁን ሥራው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ቁልፉ ይውጣ። ከዚያ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ይህን አትዝለሉት፤ ዲናሞው ላይ የታሰረው ወፍራም ሽቦ መኪናው ጠፍቶም ኤሌክትሪክ አለው፣ ቁልፋችሁ እሱንና የሞተሩን ብረት አንድ ላይ ከነካ እሳት ይተፋል። ቺንጋው በየት በየት እንደሚያልፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በኋላ የምታመሰግኑት ያንን ፎቶ ነው።

ቺንጋው ያለው በመኪናው ቀኝ በኩል ነው። ከላይ ብቻ መሥራት ይቻላል፣ ግን እጅ ይጠባል። የቀኙን የፊት ጎማ ፈትቶ ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ጭቃ መከላከያ ገለል ማድረግ ሥራውን በጣም ያቀለዋል። ካነሳችሁ ግን በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ አስገቡበት፣ የወለቀውንም ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሙት።

ዲናሞው በሁለት ቡሎን ተይዟል። የላዩ በ12 ቁልፍ የሚፈታ ሲሆን ረዥም ቀዳዳ ባለው ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ የታችኛው ባለ 14 ነው፣ ዲናሞው የሚዞርበት እሱ ላይ ነው። ሁለቱንም አላሉ እንጂ አታውጧቸው። ታችኛውን ሳያላሉ ዲናሞውን በጉልበት መግፋት ቡሎኑ የሚገባበትን ጆሮውን ይሰብራል። ሲላላ ወደ ሞተሩ ግፉት፣ ቺንጋው ይለቃል፣ አውጡት።

አዲሱን ለማስገባት አትቸኩሉ። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄ ነው፣ እኔ ግን ከመቀየሩ በላይ ጥቅም ያለው ይመስለኛል። ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ አዙሩ። ዲናሞው ሲዞር አሸዋ እንዳለበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። የውሃ ፓምፑን ፑሌጃ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ አነቃንቁት፤ ከተወዛወዘ፣ ወይም ሥሩ የደረቀ የኩላንት (የራዲያተር ውሃ) ምልክት ካለ፣ ፓምፑንም አሁኑኑ አስቡበት። ከላይ ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ እሱን ሳትዘጉ አዲስ ቺንጋ ማስገባት ብር መጣል ነው። ጎድጓዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፣ በቤንዚን አይደለም።

አሁን ፎቶውን እያያችሁ አዲሱን አስገቡ። እያንዳንዱ ጥርስ በየጎድጓዳው መግባቱን በጣታችሁ ዳስሱ፣ በተለይ ከታች፣ ሞተሩ ራሱ በሚያዞረው የክራንኩ ፑሌጃ ላይ፤ አንድ ጥርስ ወጥቶ ከቀረ ቺንጋው ገና እንደተነሳ ይቦጫጨቃል።

የሚከብደው መወጠሩ ነው። ጠንካራ እንጨት፣ የመዶሻ እጀታ የመሰለ፣ በሞተሩና በዲናሞው መካከል አስገብታችሁ ዲናሞውን ወደ ውጪ ግፉ። ብረት አትጠቀሙ፤ የዲናሞው ገላ አሉሚኒየም ነው፣ ኋላው ደግሞ ፕላስቲክ። ራዲያተሩን ተደግፋችሁም አትግፉ። ወጥራችሁ እንደያዛችሁ መጀመሪያ የላዩን 12 አጥብቁ፣ ቀጥሎ የታችኛውን 14። ከዚያ በሁለት ፑሌጃ መካከል ረዥሙን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑት። ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከገባ ጥሩ ነው። «ይጥበቅ፣ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖራል፣ አትስሙት። የላላ ቺንጋ ይጮኻል፣ ትሰሙታላችሁ፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ግን ድምፁን አጥፍቶ የዲናሞንና የፓምፕን ኩሽኔታ ይበላል።

ባትሪውን እሰሩ፣ አስነሱ። የባትሪው ምልክት መጥፋቱን እዩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ኤሲውንና ትልቁን መብራት አብሩና ድምፁን ስሙ። አዲስ ቺንጋ በነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ቦታውን ስለሚይዝ ትንሽ ይላላል። አጥፉና ውጥረቱን እንደገና ለኩት፣ ከሳምንት በኋላም አንዴ። ሰዓቱና ሬዲዮው ስለሚጠፉ መልሳችሁ ትሞሏቸዋላችሁ።

ኮሮላ ያላችሁ፣ ከ2001 በኋላ የመጣው ባለ 1ዜድዜድ ሞተር ከሆነ፣ የዲናሞውን ቡሎን አትንኩ። እሱ ራሱን የሚወጥር ስፕሪንግ ያለው መወጠሪያ አለው፤ በ19 ቁልፍ ጠምዝዛችሁ ስትይዙት ቺንጋው ይላላል፣ ሁለተኛ ሰው ያወጣዋል። ቁልፉን ድንገት አትልቀቁት፣ ጣት ይቀጠቅጣል። ይህ መኪና ላይ አዲስ ቺንጋ ገብቶም ከላላ የሚቀየረው መወጠሪያው ነው።

የወለቀው አሮጌ ቺንጋ ገና ካልተበጠሰ አትጣሉት። ከ10፣ ከ12 እና ከ14 ቁልፍ ጋር በፌስታል ጠቅልላችሁ ፖርታ ባጋሉ ውስጥ ለመጠባበቂያ አስቀምጡት።