ከረዳቱ እጅ ምን ወጣ? ማን እጅስ ገባ?

ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ዳይሬክት ኦብጀክትና ኢንዳይሬክት ኦብጀክት ላይ ስንደርስ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ያጋጥመኛል። ትርጉሙን በቃላቸው ይሉታል። ዓረፍተ ነገር ስሰጣቸው ግን ይገምታሉ። ስለዚህ ደብተሩን ዘግተን ታክሲ ውስጥ እንገባለን።

ከመገናኛ የተነሳ ሚኒባስ አስቡ። ኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴትዮ 50 ብር ሰጥታ መልስ ትጠብቃለች። ረዳቱ በጣቶቹ መሃል ካጠፋቸው ብሮች መዘዝ መዘዝ አድርጎ ይሰጣታል። በእንግሊዝኛ «ዘ ኮንዳክተር ጌቭ ዘ ዉማን ሄር ቼንጅ» እንላለን።

አሁን መጀመሪያ ግሱን ያዙ፤ «ጌቭ»፣ ሰጠ። ከዚያ «ምን ሰጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷን፣ «ሄር ቼንጅ»። ከረዳቱ እጅ የወጣው እሱ ነው። ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ማለትም ዳይሬክት ኦብጀክት እሱ ነው። ቀጥሎ «ለማን ሰጠ?» በሉ። ለሴትዮዋ። የተቀበለችው እሷ ናት፤ ኢቀጥተኛ ተሳቢ ትባላለች። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል አደራ አትገልብጡ። ልጆቼ የሚሳሳቱት «ለማን»ን አስቀድመው ሲጠይቁ ነው። ግሱ ሰው ላይ ካረፈ ደግሞ «ማንን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዘ ድራይቨር ኮልድ ዘ ዉማን» ሲባል ሹፌሩ የጠራው ሴትዮዋን ነው። እዚህ ጋ ያቺው ሴትዮ ቀጥተኛ ተሳቢ ሆነች፤ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ነገር የለማ።

በአማርኛ «ረዳቱ ለሴትዮዋ መልሷን ሰጣት» ማለት ይቻላል። «መልሷን ለሴትዮዋ ሰጣት» ብንልም ያው ነው። «ለ» እና «ን» ማን ምን እንደሆነ ስለሚነግሩን ቦታ ብንቀያይር አንደናገርም። እንግሊዝኛ በስሞቹ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ሥራውን የሚሠራው ቦታ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ወይ ተቀባዩ ከግሱ ቀጥሎ ያለ ምንም መስተዋድድ ይገባል፤ ቅድም ያልነው ዓይነት። ወይ ዕቃው ይቀድምና ተቀባዩ በ«ቱ» ይከተላል፤ «ጌቭ ሄር ቼንጅ ቱ ዘ ዉማን»። ሁለቱን መቀላቀል የለም። «ጌቭ ቱ ዘ ዉማን ሄር ቼንጅ» የሚለው የእኛ «ለ» ሾልኮ ገብቶ ነው። ዕቃው «ኢት» ወይም «ዜም» ከሆነ ሁለተኛውን መንገድ ያዙ፤ «ጊቭ ኢት ቱ ሚ»።

«ቱ» ወይስ «ፎር»? አማርኛ ሁለቱንም «ለ» ስለሚል እዚህ ብዙ ሰው ይቸገራል። ለእናቴ ላክሁ፣ ለእናቴ ገዛሁ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ነጠላ ለመግዛት እናቴ አታስፈልገኝም፤ ሱቁ ውስጥ ግዢው አለቀ። ለመላክ ግን የሚደርሰው ሰው የግድ ነው። ተቀባይ ከሌለ የማያልቅ ሥራ፣ እንደ ሴንድ፣ ጊቭ፣ ሾው፣ ሌንድ፣ «ቱ» ይወስዳል። ለሰው ብለን የምንሠራው፣ እንደ ባይ፣ ሜክ፣ ኩክ፣ «ፎር» ይወስዳል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት አንድ ስህተት አለ። መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ጊዜ ለአለቃዬ «ፕሊስ ኤክስፕሌይን ሚ ዘ ፕሮብለም» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠጋ ብላ እርሳስ አነሳች። «ሚ»ን ሰረዘችና መጨረሻው ላይ «ቱ ሚ» ብላ ጨመረች። ምንም አልተናገረችም። እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ስህተቱ የመጣው «አስረዳኝ» ከሚለው ቃል ነው። ያቺ «ኝ» ከግሱ ጋር ተጣብቃ የኖረች ስለሆነች እንግሊዝኛውም ላይ እንለጥፋታለን። ኤክስፕሌይን፣ ዲስክራይብ፣ ሰጀስት፣ ሴይ ግን ተቀባይን አጠገባቸው አያስቀምጡም። የግድ «ቱ» ይፈልጋሉ። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡ ረጃጅም ግሶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ኦፈርና ፕሮሚስ ግን ያስቀምጣሉ። ሴይ ደግሞ አጭርና ጥንታዊ ቃል ሆኖ ሳለ እምቢ ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ግስ ከነምሳሌው ያዙት።

«ን»ንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። «መምህሯ ልጆቹን እንግሊዝኛ አስተማረቻቸው» ስንል «ን» ያረፈችው ልጆቹ ላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን፣ «ዘ ቲቸር ቶት ዘ ችልድረን ኢንግሊሽ»፣ ምን አስተማረች? እንግሊዝኛ። ልጆቹ ተቀባይ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ «ማይ ብራዘር ቦት ሚ ሹዝ» የሚለው ላይ «ሚ»ን አክብባ ቀጥተኛ ተሳቢ ብላ ጻፈች። ዝም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ራሷ «ምን ገዛ?» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ በላጲስ አጠፋችና ከ«ሹዝ» ወደ «ሚ» ቀስት ሣለች። ያ ቀስት ደስ ስላለኝ አሁን ሁሉንም አስላቸዋለሁ። ዕቃው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ በዓይን ይታያል።

እናንተም በእነዚህ ሞክሩ። «ሺ ቶልድ ዘ ችልድረን ኤ ስቶሪ»። «ሂ ሌንት ሂዝ ፍሬንድ ኤ ፔን»። «ዊ ዌይትድ ፎር ዘ ባስ»። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀስቱን ሣሉ። ሦስተኛው ላይ «ፎር»ን አይታችሁ አውቶቡሱን ተቀባይ ልታደርጉት ከሆነ አንዴ ቆም በሉ፤ አውቶቡሱ የተቀበለው ነገር አለ?