በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ልጆችን ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ በአዳሪ ትምህርት ቤት ለሚሠሩ ፕሮክተሮች (የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪዎች) እና መምህራን ነው። ወላጆችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ እኛ ዘንድ ሲገባ ማስተማሩ ብቻ አይበቃም። ሲያመው የሚያየው፣ ሲበርደው የሚያለብሰው፣ ሲከፋው የሚያውቅበት ሰው ያስፈልገዋል።

ዝም ያለውን ልጅ «ለመደ» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። አዲስ የገቡ ልጆች ናፍቆታቸውን አፍ አውጥተው አይናገሩም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ነው ያደጉት። ስለዚህ ናፍቆቱ በሌላ በኩል ይወጣል። አንዱ በየሁለት ቀኑ «ሆዴን አመመኝ» እያለ ክሊኒክ ይመላለሳል። ሌላው ምሳውን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። ቅዳሜ ሲሆን ከጓደኞቹ ተነጥሎ የግቢው በር አካባቢ የሚቀመጥም አለ። የሚረብሸው ልጅ ቢያንስ በየቀኑ ይታየናል። ዝምተኛው ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሳናውቀው ሊያልፍ ይችላል።

ጓደኞቹ መሀል ጠርቶ «ምን ሆነሃል?» ማለት አይሠራም። «ምንም» ይልና ያልቃል። የሆነ ሥራ ይስጡት። «ና እስቲ፣ ይህን ጄሪካን አብረን እንያዘው» ይበሉት። ጎን ለጎን እየሄዱ፣ እጁ ሥራ ይዞ እያለ ነው ልጅ የሚያወራው። ጥያቄውም ስለ ስሜቱ ባይሆን ይሻላል። ከመንዝ የመጣውን ልጅ «አሁን በጎቹን ማን ነው የሚጠብቀው?» ብለው ይጠይቁት። «ታናሼ» ይላል። ታናሹ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ጅብ እንደሚያሰጋቸው፣ አባቱን ወገቡን እንደሚያመው ይቀጥላል። ልጁን ክፍል ውስጥ ያፈዘዘው ሐሳብ ያኔ ይገባዎታል።

ብርዱን መናቅ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ቆላ የመጣ ልጅ ደህና ጃኬት ላይኖረው ይችላል፤ አገሩ ላይ አስፈልጎት አያውቅማ። አንድ ብርድ ልብስ ለዚህ ብርድ አይበቃም። ወላጆች ይህን መስማት ያለባቸው ነሐሴ ላይ፣ ገና ዕቃ ሲያዘጋጁ ነው። አቅም የሌላቸውን ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ይለያቸውና ሰው ሳያይ ይስጣቸው።

ብርዱ የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ፤ ከሰል። ልጆች ማንደጃ ደብቀው አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ይተኛሉ። የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅሰው ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያለው ልጅ ከሰል ከነደደበት ክፍል ከተገኘ ወዲያው ወደ ንጹህ አየር አውጥቶ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። አብረውት የተኙትም ደህና ቢመስሉ እንኳ ይታዩ። ማንደጃ መከልከል ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ ከሰሉን ያስገባው በርዶት ነው። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ሳይሰጡ መከልከል ብቻውን ማንደጃውን የባሰ እንዲደበቅ ያደርገዋል።

እከክ የያዘውን ልጅ ብቻ ማከም

አንድ ልጅ ሌሊት ሌሊት ያሳክከዋል፤ ጣቶቹ መሀል ሽፍ ይላል። ቅባት ይሰጠዋል፣ ይድናል፣ በወሩ ይመለስበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እከክ መጀመሪያ ሲይዝ ማሳከክ እስኪጀምር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አጠገቡ የሚተኛው ልጅ ምንም ሳይሰማው ይዞት ሊሆን ይችላል። ዶርሙ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት፤ ጤና ባለሙያው በሚለው ቀን ደግሞ ይደገማል። ልብሱና አንሶላው በፈላ ውኃ ይታጠብ። መታጠብ የማይችለውን በፌስታል ጥርቅም አድርጎ አስሮ ለሳምንት ማቆየት ነው። ከታከሙ በኋላም ማሳከኩ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው አይቸኩሉ።

ቅማልም እንዲሁ በአንድ ልጅ አያበቃም። የልብስ ቅማል ተስቦና ግርሻ የሚባሉ የትኩሳት በሽታዎችን ያስተላልፋል። ድንገት ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት የጀመረውን ልጅ «ጉንፋን ነው» ብሎ ማስተኛት ያስጠይቃል።

እባካችሁ፣ ልጆቹን አሰልፎ ሸሚዝ እያስወለቁ መፈተሽ ይቅር። አንድ በአንድ፣ ክሊኒክ ውስጥ ይታዩ።

ቅጣትን ለትልልቆቹ ተማሪዎች መተው

የዶርም አለቃ የጽዳት ተራ ቢያወጣ፣ መብራት ቢያጠፋ ደግ ነው። መቅጣት ግን አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ለመምህሩ ያልተፈቀደውን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሊያደርገው አይገባም።

በደሉ በዱላ ብቻ አይታወቅም። ከእናቱ የተላከለት በሶ በሁለት ቀን ያለቀበትን ልጅ ልብ ይበሉ። የሌላ ሰው ካልሲ የሚያጥበውን፣ ሁሌም ለሌላው ውኃ የሚቀዳውን፣ ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ የሚፈራውንም። ይህን ልጅ በዳዩ ፊት አቁሞ «ማን ነው?» ማለት ለበለጠ በደል ማጋለጥ ነው። ለብቻው ያናግሩት፣ አልጋውን በሆነ ምክንያት ያዛውሩለት፣ ማታ ማታ ዶርሙን እየዞሩ ይዩ። በአካሉ ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሆነ ደግሞ ሽምግልና የለውም። ሕክምናና ሕግ ነው።

አልጋ ላይ የሚሸና ልጅም የሚፌዝበት እንጂ የሚረዳው አያገኝም። ላስቲክ የተሸፈነ ፍራሽና ራሱ ሊወስደው የሚችል ትርፍ አንሶላ ይዘጋጅለት። ቀድሞ ያልነበረበት ልጅ ድንገት ከጀመረው ግን ፍርሃት ወይም ሕመም ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጾምንና በዓልን ለልጆቹ መተው

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ይህን ሁሉ ቀን ሽሮ ብቻ ማቅረብ ይጎዳዋል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍና ተልባ ይጨመር። ለማይጾመውም ምግብ ይኑር። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ልጆች ለሱሁር፣ ማለትም ጎህ ሳይቀድ፣ የሚበሉት እንዲኖር ወጥ ቤቱ ቀድሞ ይወቅ። «ራሳችሁን ቻሉ» ከተባሉ ባዶ ሆዳቸውን ነው የሚውሉት።

የእረፍት ጊዜም እንዲሁ። መንገድ ሲዘጋ ወይም ትራንስፖርት ሲወደድ ቤቱ የማይሄድ ልጅ ሁሌም አለ። ካፌው ተዘግቶ፣ ፕሮክተሩ ሄዶ፣ ልጁ ግቢው ውስጥ ብቻውን መቅረት የለበትም። ከእረፍቱ ሁለት ሳምንት በፊት ማን እንደሚቀር በስም ይመዝገብ፤ ለቀሩት አንድ ወጥ ሠሪና አንድ ፕሮክተር በተራ ይመደብ። በበዓሉ ዋዜማ ደግሞ የፕሮክተሩ ስልክ ለልጆቹ ይሰጥ፣ እናታቸው ጋ ይደውሉ።