የአባባን የፓቶሎጂ ወረቀት በሎሚ ማንበብ

አባባ ፕሮስቴታቸው (ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) በካንሰር ምክንያት በቀዶ ጥገና በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የፓቶሎጂው ወረቀት፣ ማለትም የወጣው አካል በላቦራቶሪ ተመርምሮ የተጻፈው ውጤት፣ መጣ። አራት ገጽ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታችን ኩሽና ተቀምጠን "ዕጢው የት በኩል ነበር? የነበረበት ቦታስ ለውጥ አለው?" ብለው ጠየቁኝ።

አለው። እናንተም ወረቀቱ ሲደርሳችሁ አንድ ሎሚ አምጡ። ሎሚው ፕሮስቴቱ ነው እንበል፣ ልጣጩም ሽፋኑ። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጉት። ከላይ የሽንት ፊኛ አለ፣ ከኋላ ፊንጢጣ። የሽንት ቧንቧው በመሃል ይወርዳል።

ከ10 ዕጢዎች 7ቱ ገደማ የሚነሱት ከልጣጩ ሥር ካለው ክፍል ነው፣ ይበልጡን ከጀርባ በኩል። ዳር ላይ ስለሆኑ ለመውጣት ቅርብ ናቸው። በቧንቧው ዙሪያ የሚነሱት ግን በጣም ቢያድጉም፣ ፒኤስኤን (በደም የሚለካ የፕሮስቴት ፕሮቲን) ከፍ ቢያደርጉም፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ታጥረው ይቆያሉ። የአባባ እንዲህ ነበር። ፒኤስኤአቸው 18 ሲገባ ቤቱ ሁሉ አልቅሷል። ሁለት ጊዜ ናሙና ተወስዶ "ንጹህ ነው" ተብለን ነበር። ዕጢው ከፊት በኩል ተደብቆ ነው፤ በፊንጢጣ የሚገባው መርፌ እዚያ በቀላሉ አይደርስም። ያገኘው ኤምአርአይ ነው።

አሁን የሎሚውን ሹል ጫፍ እዩ። እዚያ ልጣጩ በደንብ አይለይም፣ ሽንት የሚይዘው ጡንቻም አጠገቡ ነው። ሐኪሙ ጡንቻውን ለማትረፍ ጠጋ ብሎ ይቆርጣል። ስለዚህ "የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ካንሰር ታይቷል" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አትደንግጡ፣ ይመለሳል ማለት አይደለም። ስንት ሚሊሜትር እንደሆነና እዚያ ያለው የግሊሰን ደረጃ (የካንሰሩ ጠባይ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር) ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከላይ በኩል ደግሞ የዘር ፈሳሽ ከረጢቶች አሉ። ካንሰሩ እነሱ ውስጥ ከገባ ወረቀቱ ፒቲ3ቢ ይላል፤ ይህኛው ከበድ ይላል፣ ክትትሉም ጠበቅ ይላል።

ቦታው ብቻውን ግን አይፈርድም። ግሊሰኑ፣ ከልጣጩ መውጣት አለመውጣቱና ጠርዙ ይበልጡታል። ከዚያ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚሠራው የፒኤስኤ ምርመራ አለ። ሊለካ እስከማይችል መውረድ አለበት። 0.2 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከጸና ተመልሷል ይባላል።

የአባባ ወረቀት ፒቲ2 ይላል፣ ማለትም ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ አልወጣም፤ ጠርዙም ንጹህ ነው። የፒኤስኤውን ቀን የወጥ ቤቱ ካላንደር ላይ በቀይ ከበውታል።