ስም ከመጥራት ቁጥር ማሳየት፦ ጤና ጣቢያችንን እንዴት እንዳሳመንን

ማጅራት ገትር ጆሮዬን ሲወስደው ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ አልተጓደለም፤ የስፌት መኪናው ሲነጫነጭ እጄ ይነግረኛል። የተጓደለብኝ ወረፋ ነው። አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ተቀምጬ፣ «ተጠርተሽ ስለጠፋሽ ካርድሽ ተመልሷል» የሚል ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ያደረግነውን፣ በየሰፈራችሁ እንድትሞክሩት እጽፋለሁ።

ብሶታችሁን ቤት አስቀምጡና ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። እኛ በደብተር የያዝነው ስም በየትኛው መስኮት እንደሚጠራና ስንት ሰው ሳይሰማ እንዳለፈው ነው። አራት ቦታ ሆኖ ተገኘ፦ ካርድ ክፍል፣ ምርመራ ክፍል፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት ቤት። ይህን ሳታውቁ ብትሄዱ አንዱ ተስተካክሎ ሦስቱ ይቀራሉ።

ሰው ስታሰባስቡ፣ መስማት የተሳነው ሁሉ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አይምሰላችሁ። ከእኛ መካከል ከልጅነቱ ጀምሮ በምልክት የሚናገር ወጣት፣ የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ አዛውንት፣ መስማት የማይችል ልጅ ያላት እናትና እኔ ነበርን። ለወጣቱ አስተርጓሚ፣ ለአዛውንቱ ፊት ለፊት ረጋ ብሎ መናገር፣ ለእኔ ወረቀት ያስፈልጋል። የፊደሉን ምልክት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ይለያል። የልብስ ሰፊ ጣት ቶሎ ይለምደዋል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው ረቂቃችን ሦስት ገጽ ልቅሶ ነበር፤ ቀደድኩት። በሁለተኛው የቆጠርነውን ጻፍን፤ ቀጥሎ ሕጉን፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 25 ጤናን፣ አንቀጽ 21 ሐሳብን መግለጽንና መረጃ ማግኘትን ይመለከታል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በስም ፋንታ ቁጥር። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገብ ቤት አንዱን ተቀብሎ በሌላው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያድርግላችሁ። ያለ ገቢ ቁጥር ደብዳቤ አልደረሰንም ለመባል የተዘጋጀ ነው።

ስብሰባው ላይ መቀመጫ ምረጡ። ኃላፊው ጀርባቸውን ለመስኮት ሰጥተው ስለነበር ፊታቸው ጥቁር ሆነብን፤ ከንፈራቸውንም እስክሪብቶ ሸፍኖታል። «ይቅርታ፣ ወንበር እንቀያየር» ብዬ በወረቀት ጠየቅኳቸው፤ ደንገጥ ብለው ተነሡ። ከደብዳቤው ይልቅ ያ ወንበር ያሳመናቸው ይመስለኛል። ጮኸው ቢናገሩ አትቀየሙ፤ መጮህ የከንፈርን ቅርጽ እንደሚያበላሽ ንገሯቸው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትሂዱ፤ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም መናገር የለበትም። የሰለጠነ አስተርጓሚ ለማግኘት የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«በጀት የለም» መባሉ አይቀርም። እኛ መፍትሔውን ይዘን ነበር የሄድነው፦ ከጨርቅ ጥቅል የተረፈ ካርቶን፣ ከ1 እስከ 60፣ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት፤ አንዱ ለታካሚ፣ ሌላው በመስኮቱ ላይ የሚታይ። ቁጥሩን በትልቁ ጻፉ፤ የእኛ የመጀመሪያዎቹ ከኋላ ወንበር ስላልታዩ እንደገና ቆርጠናል።

መልስ ካጣችሁ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ካርድ ክፍል በቁጥሩ ከሁሉ በላይ የተደሰተችው ስም ጠሪዋ ናት፤ ጉሮሮዋ አረፈ። ላቦራቶሪው ግን እስካሁን ስም ይጠራል። ሁለተኛው ደብዳቤ ተጽፏል፤ ሐሙስ እናስገባዋለን፣ ከ17 ቁጥር ምትክ ጋር፤ አንድ ሰው ኪሱ ከትቶት ሄዷል።