ዓሣ ነባሪ ለማየት፦ ለቤተሰብ የሚሆን የጀልባ ሽርሽር እንዴት ይመረጣል?

ጾመ ነነዌ በመጣ ቁጥር የዮናስን ታሪክ እየሰማ ያላደገ የጎንደር ልጅ ብዙ አይገኝም። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት በዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ! እኔም ልጅ ሆኜ «ያ ዓሣ ምን ቢያክል ነው?» እያልኩ የፋሲል መዋኛን በዓይኔ እለካ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያትል የምትኖረው እህቴ እናታችንን፣ እኔንና ሁለት ልጆቼን ወደ አላስካ በሚሄድ መርከብ ላይ ጋበዘችን። «ጁኖ ስንደርስ ዓሣ ነባሪ እናያለን፤ ሽርሽሩን አንተ ምረጥ» ብላ ሥራውን ለኔ ሰጠችኝ። ጁኖ መርከቡ የሚቆምባት የአላስካ የወደብ ከተማ ናት። ስልኬን ከፍቼ ሳይ ምርጫው መዓት ነው። ፎቶው ደግሞ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው፤ ከውኃ ዘሎ የወጣ ዓሣ ነባሪና አፉን ከፍቶ የሚያይ ሰው። በፎቶ መምረጥ እንደማይቻል የገባኝ ያኔ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በወቅቱ ከሄዳችሁ ጁኖ አካባቢ ዓሣ ነባሪ የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ትልቁም ጀልባ ትንሹም ጀልባ የሚሄደው ወደዚያው ውኃ ነው። ልዩነቱ ያለው ጀልባው ላይ ነው። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ ውስጥ ቶሎ የሚደክመውን ሰው አስቡና ለሱ የሚሆነውን ምረጡ። ሌላው ሰው ይከተላል።

መጀመሪያ ወሩንና ወደቡን እዩ

አላስካ ላይ በብዛት የሚታየው ሃምፕባክ የሚባለው ዝርያ ነው። ርዝመቱ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከከተማ አውቶቡስ ይበልጣል። ስሙ በኛ ቋንቋ ዓሣ ይባል እንጂ አየር የሚተነፍስ፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። እነዚህ እንስሳት ቅዝቃዜው ሲበረታ አብዛኞቹ ወደ ሃዋይ ወርደው እዚያ ይወልዳሉ። በነዚያ ወራት አዋቂዎቹ ምግብ እምብዛም አይቀምሱም፤ የሚኖሩት ሰውነታቸው ባጠራቀመው ስብ ነው። ከዚያ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝተው አላስካ ይመለሱና ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ሊፈስኩ ነዋ የሚመጡት!» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

የሚፈስኩበት ጊዜ ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ትምህርት ስለሚዘጉ ለኛ ይመቻል።

ቀጥሎ የመርከቡን የጉዞ መስመር ተመልከቱ። ጁኖ ወይም አይሲ ስትሬት ፖይንት የሚል ካለ ሽርሽሩን እዚያ ያዙ። ጁኖ ላይ ከመርከቡ መቆሚያ ጀልባዎቹ እስከሚነሱበት እስከ ኦክ ቤይ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አይሲ ስትሬት ፖይንት ደግሞ ሁና ከምትባል የትሊንጊት ሕዝብ መንደር አጠገብ ነው፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ለምግብ የሚሰበሰቡበት ፖይንት አዶልፈስም ሩቅ አይደለም። መርከቦቹ በሚቆሙባቸው ሌሎች ወደቦች፣ በኬቺካንና በስካግዌይ፣ ሌላ ነገር ጎብኙ።

የቪዛውን ነገር በአጭሩ ልበል። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ካናዳ ውስጥ ቪክቶሪያ ላይ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ሌላ አገር ሳይነካ ተሳፋሪውን ደርሶ መልስ እንዳያደርስ ስለሚከለክል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለነዚያ ጥቂት ሰዓታትም የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ቪዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ትኬት ሳይቆረጥ የመርከብ ድርጅቱን ጠይቁ።

ቤተሰቡን ጎርጎራ ወስዳችሁ ሞክሩ

ማን ጀልባ ላይ እንደሚያመው ቤት ቁጭ ብሎ ማወቅ አይቻልም። እኛ ግን ጣና አለን። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ቤተሰቡን ይዛችሁ ውረዱና አንድ ሰዓት ጀልባ ላይ ቆዩ። ከቻላችሁ ነፋስ በሚነሳበት በከሰዓት በኋላው ይሁን፤ ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ያታልላል።

እኛ እንዲሁ አደረግን። ትልቁ ልጄ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ጉማሬ ካላየሁ አልመለስም ብሎ አስቸገረ። ትንሿ ግን ገና ከዳር ሳንርቅ ዝም አለች። ከንፈሯ ነጣ፣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች፣ ከዚያ ቁርሷን መለሰች። እናቴን ያስቸገራት ሆዷ ሳይሆን ጉልበቷ ነው። ከድንጋዩ ወደ ጀልባው ስትሻገር ሁለት ሰው ደገፋት። በዚያች አንድ ሰዓት የሚያስፈልገኝን ሁሉ አወቅሁ፦ የማይናወጥ ጀልባ፣ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ መቀመጫና ሽንት ቤት።

ትልቅ ጀልባ ወይስ ትንሽ?

ጊዜ ወስዳችሁ ማሰብ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

የላስቲክ ጀልባ ፈጣን ነው፣ ከውኃው ጋር እኩል ያስቀምጣል። ለወጣት ደስ ይላል። ግን ማዕበሉን እየመታ ስለሚዘል ወገብ ያመዋል፤ ነፍሰ ጡርን፣ ትንሽ ልጅንና ጀርባውን የሚያመውን ሰው ብዙዎቹ አይቀበሉም። እናቴን እዚያ ላይ ማስቀመጥ አይታሰብም ነበር።

ስድስት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሽ ጀልባዎች አሉ። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ለቤተሰብ ብቻ መከራየትም ይቻላል። ካፒቴኑ ያዋራችኋል፣ ልጆቹ የጠየቁትን ይመልሳል፣ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት የለም። አንዳንዶቹ ግን ሽንት ቤት የላቸውም። የአጎቴ ልጅ ቤተሰቡን ይዞ እንዲህ ያለው ላይ ወጥቶ ነበር። ስማቸውን የማልጠራቸው ሻጮች ሽንት ቤት እንደሌለ አልነገሩትም። የአምስት ዓመት ልጁ «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» ያለው መሐል ባሕር ላይ ነው። ዓሣ ነባሪው ሲወጣ አባትና ልጅ ጀርባቸውን ሰጥተው ፌስታል ይዘው ነበር። እስካሁን ሲያወራው ያንገበግበዋል።

ሦስተኛው ከሥሩ ሁለት እግር ያለው ካታማራን የሚባለው ጀልባ ነው። መቶና ከዚያ በላይ ሰው ሊጭን ይችላል። ሁለቱ እግሮች ስለሚያረጋጉት እንደሌላው አይናወጥም። ውስጡ ሞቅ ያለ ክፍል፣ መስኮት፣ ሽንት ቤት አለው። ጉድለቱ ሰው መብዛቱ ነው፤ ዓሣ ነባሪው በቀኝ ሲወጣ ሁሉም ወደ ቀኝ ይጎርፋል። እኛ የመረጥነው ይህን ነው፣ ዛሬም ብመርጥ ይህንኑ ነው። አያትና ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ሙቀትና ሽንት ቤት ከቅርበት ይበልጣሉ።

ከመርከቡ መግዛት ወይስ ከውጭ?

ከመርከቡ የገዛችሁት ሽርሽር ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ ከውጭ ገዝታችሁ ከዘገያችሁ ግን ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ጁኖ ደግሞ ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የላትም። መውጫው በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ከውጭ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ሰው ያነሰበት ነው፣ ዋጋውም ሊሻል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነና አረጋዊ ካለ፣ ጥቂት ጨምራችሁ ከመርከቡ ግዙ። ከውጭ ከገዛችሁ ግን ሽርሽሩ መርከቡ ተሳፋሪ መቀበል ከሚያቆምበት ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ የሚያልቅ ይሁን።

ሰዓቱን ነገር አደራ! ትኬቱ ላይ ጠዋት 8:00 ካለ በኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። አላስካ ደግሞ ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። መርከቡ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ከመውረዳችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ በወረቀት ላይ በኛ አቆጣጠር ጽፌ ለእናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠርኩላት።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ዋጋው ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ። በውኃው ላይ የምንቆየው ስንት ሰዓት ነው? «አራት ሰዓት» ሲባል የአውቶቡሱም ተደምሮ ሊሆን ይችላልና። የልጅ ላይፍ ጃኬት በልኩ አላችሁ? ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ዓሣ ነባሪ ካላየን ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? «ይመለሳል» ካሉ ሙሉውን ነው ወይስ ከፊሉን፣ በጥሬው ነው ወይስ በሌላ ትኬት? ከሩቅ የታየ አንድ ጭራስ «አይታችኋል» ያሰኛል?

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። «ምን ያህል ትጠጋላችሁ?» በሉ። በአላስካ ውኃ ላይ ወደ ሃምፕባክ ከ91 ሜትር በታች መጠጋት በሕግ የተከለከለ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ማለት ነው። «አይዟችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ትነኩታላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። እንስሳው የመጣው ወራት ጾሞ ሊበላ ነው፤ እናት ልጇን ይዛ ልትሆን ትችላለች። ሞተር እያጓራ ሲከባት ትሸሻለች። ዌል ሴንስ በሚባለው፣ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ገብተው በጥንቃቄ ለመሥራት ቃል በሚገቡበት ፕሮግራም ውስጥ መሆናቸውንም ጠይቁ። ጥያቄው ሲቀርብላቸው ደስ ብሏቸው የሚያስረዱ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው።

ምግብ፣ ልብስ፣ መድኃኒት

ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሄዳችሁ ፍልሰታ ነው። አንዳንዱ ሽርሽር ከሳልመን ግብዣ ጋር ተደምሮ ይሸጣል፤ በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ካለ ለማይበላው ነገር አትክፈሉ። እህቴ ሲያትል ካለ የሐበሻ ሱቅ ቆሎ ይዛ ነበር። ደረቅ ነገር ስለሆነ ለሚያቅለሸልሸውም ሰው ጥሩ ነው።

ጋቢ ለመርከቡ እንጂ ለጀልባው አይሆንም። ጁኖ ክረምታችንን የሚያስታውስ ዝናብ አላት፣ ጋቢ ደግሞ ከረጠበ ይከብዳል። ከሥር ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ካፖርት፣ ኮፍያ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሠራው ከመሳፈር በፊት ሲወሰድ ነው፤ ለልጅና ሌላ መድኃኒት ለሚወስድ አረጋዊ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ዝንጅብልም ለብዙ ሰው ይረዳል። የሚያጥወለውለውን ሰው መሐል ላይ አስቀምጡትና ዓይኑን ከሩቁ የሰማይና የባሕር መገናኛ ላይ እንዲተክል ንገሩት። ስልክ ማየት ያባብሳል።

ጀልባው ላይ

አስጎብኚው ቦታ የሚጠቁመው በግድግዳ ሰዓት ፊት ነው። የጀልባው አፍንጫ 12፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ አስጠኗቸው፤ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ዓሣ ነባሪው ጭራውን አንስቶ ከጠለቀ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ መሐል ልጆቹን ቆሎ አብሉ። የጭራው የሥር መልክ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል፤ ነጩንና ጥቁሩን ልብ ብለው እንዲያዩ ንገሯቸው።

እኛ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሞተሩ ጠፋ። ዝናቡ ቀጭን ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው፤ ትልቅ ሰው እፎይ እንደሚለው ያለ ረጅም ትንፋሽ። ነፋሱ የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ። ትንሿ ልጄ «ዘጠኝ! ዘጠኝ!» ብላ ጮኸች። እኔና እህቴ ስልካችንን እስክናወጣ ጀርባው ተንከባሎ ጭራው ቀና ብሏል። እጇ ባዶ የነበረው እናቴ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየች። አማተበችና በሹክሹክታ «ዮናስን የዋጠው ይኼ ነው?» አለችኝ።