ለጥብስ የሚሆን ከሰል ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ከሰል የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚያነጻጽረው አብዛኛውን ጊዜ በማዳበሪያ ነው፤ አንዱ ሻጭ ከሌላው ጥቂት ብር ከቀነሰ ምርጫው እዚያው ያልቃል። ለቡና ወይም ለወጥ ከሆነ በዚህ መንገድ መግዛት ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሥጋ ወይም ዓሣ በፍርግርግ ላይ ለመጥበስ ግን የሚያስፈልገው ጭስ የሌለውና ሙቀቱ ሳይዋዥቅ የሚቆይ ፍም ስለሆነ፣ የከሰሉ ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ከማዳበሪያው ውስጥ ምን ያህሉ እንዲህ ያለ ፍም እንደሚወጣው ሲታይ ነው።

ከሁሉ የተለመደው ስህተት ማዳበሪያውን በአፉ መገመት ነው። ትልልቁና የሚያብረቀርቀው ከሰል ከላይ ተደርድሮ በሣርና በገመድ ስለሚታሰር፣ ከሥር የተጠራቀመው ብናኝ ለገዢ አይታይም። ብናኝ ምድጃ ውስጥ ሲገባ አየር የሚያልፍበትን ክፍተት ስለሚደፍን እሳቱን ያፍነዋል፤ ሲያራግቡትም ተነስቶ ሥጋው ላይ ያርፋል። ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ማዳበሪያዎች አሉ እንበል። አንደኛው 1,000 ብር ተሽጦ 7 ኪሎው ብናኝ ቢሆን፣ የሚጠቅመው 18 ኪሎ በኪሎ 56 ብር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ሁለተኛው 1,200 ብር ተሽጦ ብናኙ 2 ኪሎ ብቻ ቢሆን፣ ቀሪው 23 ኪሎ በኪሎ 52 ብር ገደማ ይመጣል፤ ውድ የመሰለው ረከሰ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የማዳበሪያውን ታች ዳብሰው ይመልከቱ፣ የሚቻል ከሆነም ሻጩን ዘርግፎ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ዘርግፎ ለማሳየት የማይፈቅድን ሻጭ አልፎ መሄድ እንጂ ከእሱ ጋር ዋጋ መከራከር አይጠቅምም።

ክብደትን የጥራት ምልክት አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። ከሰል ከባድ የሚሆነው ከጠንካራ እንጨት በመሠራቱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውኃ ስለጠጣ፣ አፈር ስለተቀላቀለበት ወይም በደንብ ስላልከሰለም ሊሆን ይችላል። ከሰል በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት እርጥበት ይስባል፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ደጅ ያደረ ማዳበሪያ በኪሎ ሲሸጥ፣ ገዢው ለውኃው ጭምር ይከፍላል። እርጥብ ከሰል ለመያያዝ ከመዘግየቱም በላይ እየተሰነጠቀ ፍንጣሪ ይረጫል። ቦታ ያለው ሰው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ገዝቶ፣ ማዳበሪያውን ከወለል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ለጥብስ ጣዕም ከሁሉ የሚከፋው ግን በደንብ ያልከሰለውን ለይቶ አለማወቅ ነው። በአገራችን ከሰል በብዛት የሚከስለው እንጨቱ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ፣ አየር እንዳያገኝ ታፍኖ ለቀናት ውስጥ ውስጡን እንዲጋይ በማድረግ ነው። በዚህ ዘዴ ከ10 ኪሎ ደረቅ እንጨት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከሰል ብቻ ስለሚገኝ፣ አክሳዩ ክምሩን ቀድሞ ቢከፍት ክብደት ይተርፍለታል፤ በክምሩ ዳርና ዳር የነበረው እንጨትም ቢሆን ሙቀቱ በቅጡ ሳይደርሰው ግማሽ እንጨት እንደሆነ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ከሰል ውስጥ የቀረው ቅጥራንና ጋዝ ምድጃው ላይ ሲሞቅ በቢጫ ነበልባልና ዓይን በሚያቃጥል ጭስ ይወጣል፣ የፍየሉ ጎድንም መራራ ሽታ ይይዛል። መለየቱ አያስቸግርም። ሁለት ቁራጭ አንስተው እርስ በርሳቸው ያጋጯቸው፤ በደንብ የከሰለው ጥርት ያለ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ሲሰጥ ያልከሰለው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሲሰበር በቀላሉ ቀጭ ብሎ ስብራቱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ጥሩ ነው፤ አልሰበር ብሎ ከተላጠ ወይም ውስጡ ቡናማ ከሆነ ገና እንጨት ነው። ከማዳበሪያው አናት ብቻ ሳይሆን ከመሐልና ከታች እያወጡ መሞከር ያስፈልጋል። ጥቂት ያልከሰለ ቁራጭ ከማንም ማዳበሪያ አይጠፋምና ለይተው ለማቀጣጠያ ያውሉት።

ከምን እንጨት እንደከሰለ ሳይጠይቁ መግዛትም ገንዘብ ያባክናል። የስምጥ ሸለቆው ግራር ጠጣር ስለሆነ ፍሙ ይቆያል፤ የባሕር ዛፍ ከሰል ቀለል ያለና ቶሎ የሚያያዝ ሲሆን አመድ የሚሆነውም ቶሎ ነው። ይህ ማለት ግራር ሁልጊዜ ይመረጣል ማለት አይደለም። ከቆቃ ወይም ከባቱ የመጣ ዓሣ በጥቂት ደቂቃ ስለሚበስል፣ ረጅም ሰዓት ለሚቆይ ፍም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልገውም፤ ወፍራም ሥጋ ወይም ብዙ እንግዳ ሲኖር ግን በየመሐሉ ከሰል መጨመር ሙቀቱን ስለሚያወርደው ጠንካራው ከሰል ዋጋውን ይመልሳል። በጅቡቲ መንገድ በኩል ከአፋር የሚመጣ የፕሮሶፒስ ከሰል ካገኙ አይናቁት። ዛፉ የግጦሽ መሬት የወረረ መጤ በመሆኑ መቆረጡ እንደ አገር በቀል ዛፍ አያሳስብም፣ እንጨቱም ጠጣር ነው። በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንደታየው፣ ለከሰል ተብሎ የሚጨፈጨፈው አገር በቀል ግራር ግን በቀላሉ አይተካም።

በላምባ ወይም በፌስታል ማቀጣጠል ጥሩውን ከሰል ያበላሻል፤ ሽታው ምግቡ ላይ ይቀራል፣ የፌስታሉ ጭስም ለጤና ጎጂ ነው። ጭራሮና ወረቀት ይበቃሉ።

አዳማ ነፋሻ ከተማ መሆኗ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደጅ ላይ በነፋስ አቅጣጫ የተቀመጠ ምድጃ ሳይራገብ ራሱ ይጋማል፤ ጠባሹም ከሰሉ ቶሎ ሲያልቅበት ሻጩን ይወቅሳል፣ ወቀሳው ግን ቦታውን ለመረጠው ለራሱ ይገባ ነበር። ምድጃውን በግንብ ወይም በቆርቆሮ መከለል የከሰሉን ዕድሜ ያረዝመዋል። ሥጋውንም ነበልባሉ እንዳለ መጫን አይገባም፤ ከሰሉ በስሱ ግራጫ አመድ ለብሶ ከሥሩ ሲቀላ ነው የሚጣደው። በችኮላ የተጣደ ሥጋ ላዩ አርሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፣ በዚህም ጊዜ ጥፋቱ የከሰሉ ተደርጎ ይወሰዳል።

ጥብሱ ሲያልቅ የተረፈውን ፍም እንዳለ ትቶት አመድ እንዲሆን ማድረግ ወይም ውኃ መድፋት የመጨረሻው ብክነት ነው። ፍሙን በመቆንጠጫ እየለቀሙ ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ የብረት ጣሳ ውስጥ ቢያፍኑት አየር አጥቶ ይጠፋል፣ ለሚቀጥለው ጊዜም ከአዲሱ ከሰል ቀድሞ የሚያያዝ ማቀጣጠያ ይሆናል። ጣሳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጅ ይቆይ። ፍሙን ቤት ያሞቅ ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰውም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።